የኮብራዋ ካምቢዮ፦ ጎንደር ላይ ማኑዋል ወጥቶ አውቶማቲክ የገባበት ሥራ

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ጋሼ ኮብራቸውን ይዘው ወደ ጋራዣችን ሲገቡ፣ ገና ከመኪናዋ ሳይወርዱ ችግራቸው ታይቶኛል። በሩ ላይ ያለችውን ጉብታ ለመውጣት ማርሹን ወደ አንደኛ ሲመልሱ ግራ እጃቸው መሪውን ለቆ ወረደና የግራ ጉልበታቸውን ከላይ ጫን አደረገው። ቀኝ እጅ ማርሽ ላይ፣ ግራ እጅ ጉልበት ላይ፤ መሪውን የያዘ የለም።

«ጋሼ፣ መሪውን ለቀቁት እኮ» አልኳቸው ወርደው ሰላም ስንባባል።

«አየኸኝ?» አሉ። «ፍሪሲዮን አልረግጥ ካለኝ ከረመ። ሐኪሙ የጉልበትዎ መገጣጠሚያ አልቋል ነው የሚለኝ። ከተማ ውስጥስ ግድ የለም። ቧሂት ተራራ ላይ ግን እንዲህ ሆኜ የሰው ነፍስ ጭኜ አልወጣም። አውቶማቲክ አድርግልኝ ልጄ።»

ከዚያ ቀን በፊት ይህን ሥራ ሙሉ በሙሉ ሠርቼው አላውቅም ነበር። ካምቢዮ (የማርሽ ሣጥን) ሲበላሽ በራሱ ዓይነት መተካት የዘወትር ሥራችን ነው፤ ማኑዋል አውጥቶ አውቶማቲክ መትከል ግን ሌላ ነገር ነው። ከጨረስን ወዲህ «ይቻላል ወይ?» እያሉ የሚጠይቁኝ ሹፌሮች በዝተዋል። ይቻላል። መግጠሙ ግን ከሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። የከበደን የዘይቱ ሙቀትና ቁልቁለቱ ነበር፤ ይህን የምጽፈውም በተለይ ስለ እነዚህ ሁለቱ ነው።

ጋሼ ከ20 ዓመት በላይ እንግዶችን ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መኪናቸው በተለምዶ ኮብራ የምንላት 80 ሲሪዝ ላንድክሩዘር ናት፤ ሞተሯ 1ኤችዜድ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ፣ ካምቢዮዋም ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል። ሞተሩ አንድ ጊዜም አልተከፈተም።

መጀመሪያ የመከርኳቸው ሸጠው አውቶማቲክ የሆነ መኪና እንዲገዙ ነበር። ምክሬ አላስኬደም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን የማይሞከር አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው አውቶማቲክ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ዋጋው አይቀመስም። እንግዳ በቀነሰበት ዘመን ጋሼ ያን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣሉ? ደግሞም መኪናዋን ያውቋታል። ድምጿ ሲለወጥ ገና እኔ ሳልሰማው እሳቸው ይሰሙታል።

«እሺ» ከማለቴ በፊት

ሦስት ቀን ለምኜ ወረቀት ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደባርቅ 2,800 ታልፋለች፤ ጨነቅ 3,600 ገደማ ነው፤ የቧሂት ማለፊያ ከ4,000 ይበልጣል። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ጎንደር ላይ 78 በመቶ ያህሉ ሲቀር፣ ቧሂት ማለፊያ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። ፋብሪካው ወደ 130 የፈረስ ጉልበት የሰጠው ሞተር እዚያ ላይ ሲደርስ አቅሙ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ይወርዳል።

በማኑዋል ይህ ማርሽ በመቀነስ ይታለፋል። ፍሪሲዮኑ አንዴ ከያዘ ሞተሩና ጎማው በብረት ተያይዘዋል። አውቶማቲክ ላይ ግን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር ነው፤ ኃይሉ የሚተላለፈው አንዱ መዘውር ዘይት እየረጨ ሌላውን ሲያዞር ነው። ሞተሩ ሲደክምና መኪናዋ ስትከብድ ሁለቱ መዘውሮች እኩል አይዞሩም። ያ የዙር ልዩነት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በዳገት፣ በዝግታ፣ በስስ አየር መሄድ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ከሁሉ የከፋው ሁኔታ ነው፤ የጋሼ እንጀራ ደግሞ ያለው እዚያው ላይ ነው። ሙቀቱን የሚወስደው አየርም ራሱ ስስ ነው። ማቀዝቀዣው ቆላ ላይ የሚሠራውን ያህል ደጋ ላይ አይሠራም፤ ብርዱ ያታልላል እንጂ።

ሁለተኛው ሒሳብ የቁልቁለቱ ነበር። የማኑዋሉ አንደኛ ማርሽ 4.08 ነው። በትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ በሚያካፍለው ሣጥን) ዝቅተኛ ማርሽ በ2.49፣ በዲፈረንሻሉም በ4.1 ሲባዛ ሞተሩ ከ41 ጊዜ በላይ ዞሮ ጎማው አንዴ ይዞራል። የአውቶማቲኩ አንደኛ ማርሽ 2.95 ብቻ ነው፤ በዚያው ስሌት 30 ይመጣል። በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስትወርድ የሞተሩ ዙር ከሩብ በላይ ያንሳል፤ ሞተሩ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚይዝበት ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል ማለት ነው። ዳገት ላይ ይህን ጉድለት ኮንቨርተሩ ይሞላዋል፤ ከቆመበት ሲነሳ ጉልበትን እጥፍ ያህል ያበዛልና። ቁልቁለት ላይ ግን አያበዛም።

ወረቀቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። «ሽቅቡን እኔ አስተካክለዋለሁ፤ ቁልቁሉን ግን እርስዎ እንደ አዲስ መማር አለብዎት» አልኳቸው። ዝም ብለው ቁጥሮቹን አዩና «41 ነበረኝ፣ 30 ልትሰጠኝ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ አላውቅም። ተስማማን።

ዕቃ ፍለጋ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ወዳጃችን በሳምንቱ ፎቶ ላከ፤ ኤ442ኤፍ የሚባል አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ባለ 4 ማርሽ፣ ከኮብራ ላይ የወረደ። ዋጋውም ደህና ነበር። ልንስማማ ጥቂት ሲቀረን ከየትኛው ሞተር ላይ እንደወረደ ጠየቅሁት። ከ1ኤፍዜድ ቤንዚን ነው አለ። ተውነው። የካምቢዮው ስም አንድ ቢሆንም ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው ሀውዚንግ (የብረት ቤቱ) ከናፍጣው ሞተር ጋር አይገጥምም። በቶርኖ ቤት ማስማሚያ አሠርተን ገጠምነው እንኳ ብንል፣ ውስጡ ማርሽ የሚለውጠው ለቤንዚን ሞተር ዙር ተስተካክሎ ነው። ቤንዚኑ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው 4,600 ዙር ላይ ነው፤ 1ኤችዜድ ደግሞ 3,800 ላይ ያበቃል። ሞተሩ እየጮኸ ማርሹ አልለወጥ ይላል። ስሙን ብቻ አይተው የገዙ ሰዎች ገንዘባቸው መሬት ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ፤ እባካችሁ መጀመሪያ ሞተሩን ጠይቁ።

ሁለተኛው ያገኘነው ከተገለበጠች ባለ 1ኤችዲ-ቲ ቱርቦ ናፍጣ ኮብራ ላይ ነው። ይህ ሞተርና 1ኤችዜድ የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ጀርባቸው ያለው የብሎን ቀዳዳ አንድ ነው። እኔ ራሴ ሄጄ በእጄ አወረድኩት። ካምቢዮውን ብቻ አልወሰድኩም። ኮንቨርተሩን፣ የቮላኖውን (ከሞተሩ ጀርባ የሚዞረውን ከባድ የብረት ክብ) ቦታ የሚይዘውን ስስ ሳህን ከነብሎኖቹ፣ ትራንስፈሩን፣ ካምቢዮው የሚያርፍበትን አግዳሚ ብረት፣ ሁለቱንም ሻፍቶች፣ የዘይት ቱቦዎቹን፣ ራዲያተሩን፣ የማርሽ ዘንጉን፣ ከናፍጣ ፖምፓው የሚመጣውን ኬብል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሁሉ ከነሶኬቱ። ሻጩ «ይህን ሁሉ ቁርጥራጭ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ከወጪያችን ከግማሽ በላይ የሄደው ለዚያ ጭነት ነው፤ ጎንደር ደርሰን አንድም ነገር ሳንቆርጥ፣ አንድም ነገር ሳንበይድ የገጠምነውም በዚያ ምክንያት ነው። ዕቃ ከሦስት ከአራት ቦታ ለቃቅሞ የሚጀመር ሥራ ላይ እጄን አላስገባም።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ፖምፓ፣ ፎሌ፣ ሚኒሞ… የምንሠራበት ቋንቋ በአብዛኛው ከጣሊያን ዘመን የቀረ ነው፤ አውቶፓርኮ የሚባለው ሰፈራችንም፣ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድም እንደዚሁ። የአውቶማቲኩ ዕቃ ግን በዚያ ዘመን አልመጣምና ተለማማጆቼን ሳስተምር በእንግሊዝኛው ስም ለመጥራት እገደዳለሁ። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ መካኒክ እንደ እንግዳ የሚፈራው።

መግጠሙ

ማኑዋሉን ማውረድ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ቮላኖው ሲነሳ ክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ የተተከለች ትንሽ ኩሽኔታ አለች፤ የማኑዋሉ ዘንግ የሚያርፍባት። እሷ ካልወጣች የኮንቨርተሩ አፍንጫ ቦታ አያገኝም። ብዙ ሰው ይረሳታል፤ እኛ በቅባት ግፊት አስወጣናት።

የኮንቨርተሩን ነገር ግን በዝርዝር ልናገር፤ ብዙ አዲስ ካምቢዮ የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። ኮንቨርተሩ ካምቢዮው ውስጥ ሲገባ ተራ በተራ ሦስት ቦታ መያዝ አለበት፤ ሁለት ጥርስ ያላቸው ዘንጎች፣ በመጨረሻም የዘይት ፓምፑ። ካምቢዮውን አፉን ወደ ላይ አቁመን፣ ኮንቨርተሩ ውስጥ ዘይት ጨምረን፣ በሁለት እጄ አቅፌ እያዞርኩ ወደ ታች ለቀቅሁት። አንዴ «ቋ» አለ። ትንሽ ወረደ። ሁለተኛ «ቋ»። ተለማማጁ «ገባ!» አለ። «አልገባም» አልኩትና እጁን ወስጄ ዳሩ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀስ ብሎ ግራና ቀኝ አዞረው፤ ከዚያ ሦስተኛው መጣ፤ ድምፁ ከቀደሙት የደፈነ፣ ክብደቱ በእጅ የሚታወቅ። አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ሰመጠ። ቀጥ ያለ ብረት በሀውዚንጉ አፍ ላይ አጋድመን ጥልቀቱን በካሊበር ለካን። ሁለተኛው ላይ ቆመን ብሎን ብናጠብቅ ኖሮ ሀውዚንጉ ከሞተሩ ጋር ሲጠብቅ ኮንቨርተሩ ፓምፑን ይጫነውና ይሰብረዋል። ሀውዚንጉ ከሞተሩ ጋር በእጅ ብቻ እስኪገጥም ድረስ መግጠም አለበት። ብሎን እያጠበቁ መሳብ የለም።

ራዲያተሩ ላይ ዕድለኞች ነበርን፤ ወይም ጋሼ እንደሚሉት ሥላሴ ጠበቀን። የአውቶማቲክ መኪና ራዲያተር በታችኛው ገንዳው ውስጥ ካምቢዮውን የሚያቀዘቅዝ የዘይት ቱቦ አለው። ያመጣነውን ከመግጠማችን በፊት ቱቦውን አየር ሞልተን በርሜል ውሃ ውስጥ ነከርነው። ምንም አልታየም። ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ሥራ ሲዞር እኔ ቆየሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከጥጉ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ወጣች፤ ከኋላዋ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ፣ እንደ መቁጠሪያ ክር። ያ ቱቦ ቢገጠም የራዲያተሩ ውሃ ካምቢዮው ውስጥ ይገባና ቀዩ ዘይት ሮዝ ወተት ይመስላል፤ ውሃ ያገኘው የካምቢዮው ሸራ (ማርሾቹን የሚይዘው የግጭት ሽፋን) ደግሞ ሙጫው ይለቅቃል። ራዲያተሩን ጣልነው። የመኪናዋን የራሷን ራዲያተር አስቀርተን ለካምቢዮው ዘይት ለብቻው ማቀዝቀዣ ከፊት ገጠምን።

የኤሌክትሪኩን ሥራ ባጭሩ ልለፈው፤ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ካለ ቀላል ነው። ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) የሚሠራው ማርሹ ፓርክ ወይም ፎሌ (ባዶ ማርሽ) ላይ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ገመዱ በካምቢዮው ስዊች በኩል ማለፍ አለበት፤ ይህን ዘልሎ መኪናው ማርሽ ላይ እያለ የሚነሳ ሥራ የሚያስረክብ ሰው ወንጀል ሠርቷል እላለሁ። አንድ ያስቸገረን ነገር ነበር። ኮንቨርተሩ ውስጥ ሁለቱን መዘውሮች በብረት የሚቆልፍ ሸራ አለ፤ ሲቆለፍ መንሸራተት ይቀራል፣ ሙቀቱም ይወርዳል። በቱርቦዋ መኪና ይህን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር ከናፍጣ ፖምፓው መረጃ ይቀበላል። በ1ኤችዜድ ፖምፓ ላይ ያ መረጃ ሰጪ የለም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ትተን ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ማብሪያ ከነመብራቱ ገጠምን፤ ገመዱንም በፍሬን መብራቱ ስዊች አሳለፍነው፤ ፍሬን ሲነካ ቁልፉ በራሱ ይለቃል። ጋሼ ከሦስተኛ ማርሽ ጀምሮ፣ መኪናዋ ፍጥነት ስትይዝ በጣታቸው ያበሩታል።

ጥፋቴ

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ወደ ኮሶዬ አወጣናት። ከከተማ ስትወጣ ለስላሳ ነበረች፤ ጋሼ ጎኔ ተቀምጠው ፈገግ አሉ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ማርሹን ቶሎ ቶሎ ወደ ላይ ትለውጥ ጀመር። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናዋ ግን አትከተልም፤ ለቅጽበት በአየር ላይ የተንጠለጠለች ያህል። ቆምን። ኮፈኑን ሳልከፍት ሽታው መጣ፤ የተቃጠለ ዘይት፣ ጎምዘዝ ያለ።

ይህ ካምቢዮ ማርሹን የሚለውጠው በዋናነት በዘይት ግፊት ነው። ሹፌሩ ምን ያህል እንደረገጠ የሚነግረው ደግሞ ከናፍጣ ፖምፓው ላይ የሚመጣው ኬብል ነው። ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ በኬብሉ ላይ ያለችው ትንሽ ማቆሚያና በሽፋኑ ጫፍ መካከል ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ መቅረት አለበት። ኬብሉ ከላላ ካምቢዮው ሹፌሩ ቀስ ብሎ የረገጠ ይመስለዋል፤ ግፊቱን ይቀንሳል፤ ሸራዎቹ በደንብ ሳይጨመቁ ይንሸራተታሉ፤ ይቃጠላሉ። እኔ ያን ልክ ጋራዥ ውስጥ አስተካክዬ ነበር፤ ግን የፖምፓውን ክንድ በእጄ እስከ መጨረሻው ስቤ ነው የለካሁት። ኮሶዬ ላይ ተለማማጁን ሙሉ እንዲረግጥ አዝዤ ራሴ ፖምፓው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ክፍተቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ከፔዳሉ ሥር ያለው ወፍራም ምንጣፍና የዘመናት ልል መገጣጠሚያ እግሩን ከመጨረሻው በፊት እያስቆሙት ነው። እጅ የሚደርስበት ሁሉ እግር አይደርስበትም። ልኩ መወሰድ ያለበት ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በእግሩ ረግጦ፣ ምንጣፉ እንዳለ ነው።

እዚያው አስተካክለን በዝግታ ተመለስን። በነጋታው የዘይቱን ገንዳ አወረድነው። ማግኔቶቹ ላይ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ የሸራ ቁራጭ ግን አልነበረም። በጊዜ ቆመናል። ወደ 15 ሊትር የሚጠጋ አዲስ ዘይት በእኔ ወጪ ገባ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

ጋሼ ለጥምቀት የያዟቸው እንግዶች ነበሩ። ለከተማ፣ ለፋሲል መዋኛ፣ ለአዘዞ አየር ማረፊያ ሂዱባት አልኳቸው፤ ወደ ተራራው ግን አልለቃትም አልኩ። እንግዶቹን ሌላ ሹፌር ወሰደላቸው። አኮረፉኝ። ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሱም። ገቢያቸውን እንዳስቀረሁባቸው አውቃለሁ፤ እስካሁንም ያሳዝነኛል፤ ግን ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ።

ተራራው

የካቲት ላይ ታርቀን፣ የዘይት ሙቀት መለኪያ ከካምቢዮው በሚወጣው ቱቦ ላይ ተክለን፣ በማለዳ ወጣን። አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፈን ደባርቅ እስክንደርስ መለኪያው ከ90 ዲግሪ አልዘለለም፤ አስፋልቱ ላይ ኮንቨርተሩ ተቆልፎ ስለሚሄድ ነው። ከሳንቃበር በኋላ ኮረኮንቹ ላይ መውጣት ጀመረ። ከጨነቅ ወደ ቧሂት ማለፊያ ስንወጣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ 100 አለፈ፣ 110 አለፈ። 120 ሲነካ አስቆምኩ። የአውቶማቲክ ዘይት ዕድሜ ከ80 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው በግማሽ እየቀነሰ እንደሚሄድ በሙያችን የታወቀ ግምት ነው፤ 120 ላይ የሚኬድበት እያንዳንዱ ሰዓት ብዙ ያስከፍላል።

ማርሹን ፎሌ አድርገን ሞተሩን በትንሽ ዙር እንዲሠራ ተውነው፤ ዘይቱ በማቀዝቀዣው እየዞረ እንዲበርድ። ሞተር ማጥፋት እዚህ ላይ ስሕተት ነው፤ ፓምፑ ይቆማል፣ የጋለው ዘይት ካለበት ሳይንቀሳቀስ ይቃጠላል። ብርዱ ፊት ይቆርጣል፤ ማቀዝቀዣው ግን መኪናዋ በእግር መንገደኛ ፍጥነት ስለምትሄድ ነፋስ አያገኝም። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው «በማኑዋል እዚህ በዝቅተኛው ነበር የምወጣው» አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔ ኮንቨርተሩ ይችለዋል ብዬ ከፍተኛው ላይ ትቼው ነበር። ትራንስፈሩን ወደ ዝቅተኛው አወረድን። ሞተሩ ቀለለው፣ የመዘውሮቹ የዙር ልዩነት ጠበበ፣ መለኪያው ከ108 ሳያልፍ ማለፊያው ላይ ደረስን። ጎንደር ስንመለስ ማቀዝቀዣውን በሰፋ ቀየርነው፤ በሙቀት የሚነሳ የኤሌክትሪክ ማራገቢያም ጨመርንለት። ከዚያ ወዲህ በዚያው ዳገት 100 አልደረሰችም።

ያን ቀን ከሽቅቡ ይልቅ ያስጨነቀኝ መመለሱ ነው። መጀመሪያ ሆን ብዬ ዲ (መደበኛው የመንጃ ቦታ) ላይ አድርጌ ለጥቂት ሜትር ለቀቅኳት። ሞተሩ ጨርሶ አልያዛትም፤ ፎሌ ላይ የምትወርድ ያህል ተንሸራተተች። ይህ ብልሽት አይደለም። ዲ ላይ አንደኛ ማርሽ የሚይዘው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መዘውር ነው፤ ጎማው ሞተሩን ሲገፋው ይለቃል። ኤል (አንደኛ ማርሽ ላይ የሚያቆየው ቦታ) ላይ ሲደረግ ግን ሌላ ሸራ ገብቶ በሁለቱም አቅጣጫ ይቆልፈዋል፤ የሞተሩ መያዝ የሚገኘው ያኔ ብቻ ነው። ዝቅተኛው ትራንስፈር፣ ኤል፣ ከቁልቁለቱ አፍ በፊት። ከጀመሩ በኋላ አይደለም። ያም ሆኖ ጋሼ እንዳሉት 30 እንጂ 41 አይደለም፤ በየመታጠፊያው ፍሬን መጨመር ነበረብን። ማኑዋል እያለች ያልነበረ ሙቀት ጎማዎቹ ላይ ተሰማኝ። የፊት ፍሬን ሸራዎችን አዲስ አደረግን፣ የፍሬን ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ለወጥን፤ አሮጌ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ሲግል ይፈላል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል።

የቀረው የጋሼ እግር ነበር። የአውቶማቲክ መኪና የፍሬን ፔዳል ሰፊ ነው፤ ከለጋሿ መኪና አምጥቼው ነበር። ከገጠምኩት በኋላ ጋሼ አዘዞ መንገድ ላይ ሊቆሙ ሲሉ ግራ እግራቸው በልማድ ፍሪሲዮን ሊረግጥ ተወርውሮ የዚያን ሰፊ ፔዳል ዳር መታው። መኪናዋ ባለችበት ተተከለች፤ ሁለታችንም ወደ ፊት ተወረወርን። ከኋላችን ባጃጅ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? በዚያው ቀን ሰፊውን አውጥቼ የራሷን ጠባብ የማኑዋል ፔዳል መለስኩላት። ግራ እግር ሲወረወር አሁን የሚያገኘው ባዶ ቦታ ነው። ከጎኑ ወለሉ ላይ ተረከዝ የሚያርፍባት ዘንበል ያለች እንጨት ተከልን። ለሳምንታት ያ እግር እንጨቷ ላይ ሆኖ በየመብራቱ ሲንቀጠቀጥ አየው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ተረጋጋ።

ጋሼ ያጡት ሌላም ነገር አለ። ጨነቅ ላይ ማታ ይበርዳል፤ ባትሪ ሲደክም መኪናዋን ተዳፋት ላይ አቁመው ጠዋት በመንከባለል ያስነሷት ነበር። አውቶማቲክ በመንከባለል አይነሳም፤ ሞተሩ ካልዞረ ፓምፑ ግፊት የለውም፣ ያለ ግፊት ማርሽ አይይዝም። ባትሪዎቹን አዲስ አድርገናል፣ የመነሻ ገመድም ሁልጊዜ ከመኪናዋ አይለይም። ከተበላሸችም ጎማዋ መሬት ላይ እየዞረ በዘፈቀደ አትጎተትም፤ ትራንስፈሩ ፎሌ መሆን አለበት። ትራንስፈሩ ፎሌ ሲሆን ደግሞ ፓርክ መኪናዋን አይዝም። ይህን ያልሰማ ሹፌር ዳገት ላይ ፓርክ አድርጎ ከወረደ መኪናው ጥሎት ይሄዳል። ለጋሼ ሦስት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ፦ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ፓርክ።

ነዳጅ ትንሽ ጨምራለች፤ በተለይ ከደባርቅ ወዲያ። ከክረምቱ በኋላ ከትራንስፈሩ ጀርባ አንድ የዘይት መከላከያ ጎማ (ሲል) ዘይት ሲያንጠባጥብ ቀየርን። ከዚህ ሌላ ካምቢዮው አልተነካም።

ሰው መጥቶ «ለእኔም አድርግልኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ለምን እንደሆነ ነው። ለምቾት ከሆነና መንገዱ ሰሜን ከሆነ አልሠራም፤ ቱርቦ በሌለው ሞተር ማኑዋሉ ለዚያ ቁልቁለት የተሻለ ነው። እግሩ የከዳው ሹፌር ከሆነ፣ ዕቃውን በሙሉ ከአንድ መኪና ካገኘ፣ ቁልቁለቱን ለመማር አንድ ወር ከሰጠኝ፣ እሠራለታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ከጨነቅ ሲመለሱ አራት እንግዶች ጭነው በጋራዡ በኩል አለፉ። ሞተሩ እንደነቃ ዘይቱን እንዳየው አስቆምኳቸው። መለኪያውን አውጥቼ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረግሁት። ጠብታው ቀስ ብሎ ተስፋፋ፤ መሐሉ ቀይ፣ ዳሩም ቀይ። ጋሼ በመስኮቱ ዘንበል ብለው ጨርቁን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ መልሰው ወደ ፒያሳ ወጡ።